አባቴ እግሩን በስኳር ቆስሎ ተኝቷል፣ ሰርጂካልና ሜዲካል አልተገናኙም፣ ምን ላርግ?

የገንደ ቆሬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬም ሐረርም ያላችሁ ጤና ባለሙያዎች፣ ሰው አስታማችሁ የምታውቁም እባካችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ምጽፈው።

አባቴ 63 አመቱ ነው፣ ስኳር ከያዘው 14 አመት ሆኖታል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ሚባሉ የስኳር ኪኒኖች ነው ሚወስደው፣ ኢንሱሊን ሲሉት "እሱ ከተጀመረ አበቃ" እያለ እምቢ ብሎ ነው የኖረው። ከ12 ቀን በፊት በነጠላ ጫማ ገበያ ወጥቶ ማታ ሲመለስ ጫማው ላይ ደም አየን፣ ለካ ሚስማር ሶሉን በስቶ ቀኝ እግሩ ስር ትንሿ ጣቱ አጠገብ ገብቶ ቀኑን ሙሉ እየረገጠው ነው የዋለው። ምንም አላመመውም። እኛም አላመመኝም ስላለን አቅልለን አየነው፣ በጨውና በሎሚ አጠብነው ከዛ አምፒሲሊን ካፕሱል እየከፈትን ዱቄቱን ነሰነስንበት፣ ሰፈር ውስጥ ሁሉም እንደሚያደርገው። በሳምንቱ ጣቱ ጠቆረ፣ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ቀላ፣ ሽታው ደግሞ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም፣ ማታ ብርድ ብርድ ይለው ጀመር።

ድሬ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ወሰድነው፣ ኢመርጀንሲ ሲገባ ስኳሩ 438 ነበር ትኩሳቱ 38.7። ዛሬ 3ኛ ቀኑ ነው። ሜዲካል (የውስጥ ደዌ ክፍል) አስተኙት፣ ሰርጂካል (ቀዶ ሕክምና) ይየው ተብሎ ኮንሰልት ሚባለው የመጠየቂያ ወረቀት ተጻፈ፣ የሰርጂካሉ ዶክተር መጥቶ አየውና "ስኳሩ ይውረድና ትጠሩኛላችሁ" ብሎ ሄደ። ሜዲካሎቹ ደግሞ "እግሩ ውስጥ ያለው መግል ካልወጣ ስኳሩ አይወርድም" ይላሉ። ሁለቱም ለኔ ነው ሚነግሩኝ እርስ በርስ ሲነጋገሩ አላየሁም፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ መሀል ቆሜ የማንን ቃል ለማን እንደማደርስ ግራ ገባኝ። ድሬሲንጉንም በየቀኑ ሌላ ሰው ነው ሚቀይረው፣ ዛሬ የመጣችው ልጅ ቅላቱ ትላንት እስከየት ነበር ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አሁኑኑ አስወጥተሽ አምጪው ይላል፣ አጎቴ ሐረር ሕይወት ፋና ይሂድ ይላል፣ አክስቴ ደግሞ "ቢላ አንዴ ከነካው በየወሩ ሲቆርጡት ነው ሚኖሩት" ብላ እያለቀሰች የሀበሻ መድኃኒት ምታውቅ ሴትዮ ጋ እንውሰደው ትላለች። አባቴ ራሱ "እግሬን ይዤ ልሙት" አለኝ። የቱን ልስማ? ዶክተሮቹን እንዴት ነው ማገናኛቸው? ደሞ ጣቱ ከተቆረጠ እውነት እዛ ላይ አይቆምም?

ሲስተር ከሸንኮር

እህቴ አብሽሪ። ሐረር ነው ምሰራው፣ 11 አመት ሰርጂካል ዋርድ ቆይቻለሁ። አባትሽን ስላላየኋቸው ከዚህ ሆኜ እንዲህ ይደረግላቸው አልልሽም፣ ግን እንዳንቺ መሀል ላይ የቆመች ልጅ በየሳምንቱ ስለማይ ማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የስኳሩና የመግሉ ነገር። ሁለቱም ዶክተሮች የተናገሩት ልክ ነው፣ ችግሩ ተራ መጠበቃቸው ነው። ኢንፌክሽን ስኳርን ይሰቅላል፣ የተሰቀለ ስኳር ደግሞ ኢንፌክሽኑን ያባብሳል፣ ስለዚ ጎን ለጎን ነው መሰራት ያለበት። ኢንሱሊን እየተሰጠ በየሰአቱ እየተለካ ስኳሩ በሰአታት ውስጥ ለኦፕራሲዮን ወደሚሆን ደረጃ ይመጣል፣ ቁጥሩ እስኪያምር ድረስ ቀን አይቆጠርም። ውስጥ የታፈነ መግል ካለ መከፈት አለበት፣ መድኃኒት በደም ነው ሚጓዘው፣ የሞተ ስጋና የመግል ከረጢት ውስጥ ደግሞ ደም አይደርስም፣ ስለዚ አንቲባዮቲኩ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ብቻውን አይችለውም። ከእግር መዳፍ ስር ጅማቶቹ ሚያልፉበት ክፍተት አለ፣ መግሉ እሱን ይዞ በአንድ ሌሊት ከጣት ስር ወደ ተረከዝ ይሄዳል፣ ይሄን በአይኔ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከላይ ምትታየው ቀዳዳ ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

አሁን ዋናው። ነገ ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ በሽተኞቹን እየዞሩ ሲያዩ፣ በጨዋ ደንብ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፣ መልስ ሳታገኚ ግን አትመለሺ፦ "ለአባቴ ኃላፊው ሐኪም ማነው? ሜዲካልና ሰርጂካል ቢለያዩ የመጨረሻውን ውሳኔ ማነው ሚወስነው?" በይ። ስሙን ጻፊው። ሲኒየሩን ማለቴ ነው፣ ኢንተርኑ ወይ ሌሊት ሌሊት ሚቀያየረው ተረኛ ነገ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከዛ ሁለቱ ሲኒየሮች አልጋው አጠገብ አንድ ላይ ቆመው እንዲያዩላችሁ ለምኚ፣ ኮንሰልት በወረቀት ሲላላኩ ነው ቀኑ ሚያልቀው፣ ፊት ለፊት ቆመው ቁስሉን አብረው ሲያዩት 5 ደቂቃ አይፈጅም። ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም ይሄን ምለው፣ አንድ ተረኛ በአንድ ሌሊት ስንት ሰው እንደሚያይ አውቃለሁ፣ ግን በሽተኛው የሁሉም ሲሆን የማንም ሳይሆን ይቀራል። ካልተሳካልሽ የዋርዱን ሄድ ነርስ፣ የነርሶቹን አለቃ፣ አናግሪ፣ እሷ ስትደውል የበለጠ ይሰማል።

አስቸኳይ ሚሆንበትን ደግሞ እወቂ፣ ትኩሳት ከ38 በላይ፣ የልብ ምት ከ90 በላይ፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ20 በላይ፣ የነጭ የደም ሴል ቁጥር ከ12 ሺ በላይ ወይ ከ4 ሺ በታች፣ ከነዚህ 2ቱ ካሉባቸው ኢንፌክሽኑ ከእግር አልፎ ሰውነት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። መቀባዠር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ሽንት መቀነስ ካየሽ ደሞ ጠዋት እስኪነጋ አትጠብቂ ተረኛውን ቀስቅሺ። ቅላቱ ያቆመበትን መስመር በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ እንዲያሰምሩበት ሰአቱንም እንዲጽፉበት ጠይቂ፣ ያኔ ማንም ይምጣ ማንም ቅላቱ መስፋቱን መቀነሱን ያያል፣ አንቺንም አይጠይቁሽም።

ከዚራ ጥላ ስር

እኔ ግን ወንድምሽ ልክ ነው ባይ ነኝ፣ አቦ በአውሮፕላን አንድ ሰአት ነው አስወጥተሽ አዲስ አበባ ውሰጂው፣ እዚህ 3 ቀን ሲጠብቁ ነገሩ እየባሰ ነው። የአጎቴን ልጅ እንደዛ ነው ያዳንነው።

ሲስተር ከሸንኮር

ወንድሜ ለሳቸው አስበህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ትኩሳት ያለውን ሰው በራስ ፈርሞ ማስወጣት ምን እንደሆነ ልንገርህ። ካርዱ ይዘጋል፣ በደም ስር ሚሰጠው አንቲባዮቲክ ይቋረጣል፣ አዲስ አበባ ሲደርሱ ካርድ ክፍል ተሰልፈው ከዜሮ ነው ሚጀምሩት፣ አልጋ ከሌለ ደሞ ኮሪደር ላይ ነው። በመኪና ከሆነ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ላይ ቢፒያቸው ቢወርድ ማን አለ? መግል መክፈትና የሞተ ስጋ ማንሳት እኮ ጀነራል ሰርጀን ያለበት ሆስፒታል ሁሉ ሚሰራው ነው፣ ለሱ አዲስ አበባ አያስኬድም።

አዲስ አበባ ሚያስኬደው ሌላ ነገር ነው፣ የደም ስሩ ተዘግቶ ከሆነ። ይሄንን እህቴ ነገ በግድ አስጠይቂ፦ እግር ጀርባ ላይና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ በጣት ሚዳሰስ የደም ምት አለ፣ አለ ወይ በያቸው። ከሌለ ዶፕለር ሚባለው የደም ዝውውሩን ሚያሳይ ምርመራ ያስፈልጋል። የስኳር በሽተኛ ደም ስር በካልሲየም ሊደድር ስለሚችል የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ብቻ ተለክቶ ደህና ነው ቢባል ሊያታልል ይችላል። ደም ስሩ ከተዘጋ ቫስኩላር ሰርጀን (የደም ስር ቀዶ ሐኪም) ነው ሚፈለገው፣ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ መግሉ ወጥቶ ትኩሳቱ ረግቶ ነው መንገድ ሚጀመረው።

ሐረርም ሆነ ሌላ ቦታ መሄድ ካስፈለገ በላይዘን ኦፊስ በኩል ይሁን። ሌላው ሆስፒታል ደውሎ አልጋና ሐኪም መኖሩን ሚያረጋግጠው፣ ሪፈር ወረቀቱን ሚያስጽፈው፣ አምቡላንሱን ሚያመቻቸው እሱ ነው። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ለመድረስ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው ሩቅ አይደለም፣ ሕይወት ፋናም የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ ከየአካባቢው ይላክበታል፣ ሳይደወል ከሄዳችሁ ግን በር ላይ ትጉላላላችሁ። የጤና መድን ካላችሁም ያለ ሪፈር ወረቀት ሄዳችሁ ወጪው እናንተ ላይ እንዳይወድቅ።

የመጋላ ነጋዴ

እህቴ እግዜር ይማርልሽ። እኔ እናቴን በዚሁ በሽታ 41 ቀን ሆስፒታል አስታምሜያለሁ፣ የሲስተርን ሁሉ እደግፋለሁ እኔ የተማርኩትን ልጨምርልሽ።

ደብተር ግዢ። ወላሂ ከመድኃኒት እኩል ነው። እኔ ከ9ኛው ቀን በኋላ ነው የጀመርኩት እስከዛ ስንት ነገር ጠፋ። ከቁስሉ ናሙና ለካልቸር፣ ባክቴሪያው የቱ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚሰራበት ለሚታይበት ምርመራ፣ ተወስዶ ነበር፣ ውጤቱ ላብራቶሪ ደርሶ ማንም ሳያመጣው 4 ቀን ተቀመጠ፣ እኛም ይመጣል ብለን ጠበቅን፣ ለካ ስትወስድ የነበረውን መድኃኒት ባክቴሪያው ተላምዶታል። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፣ ሁሉም በራሱ በኩል ሰርቷል፣ ወረቀቱን ከዚህ ወደዚያ ሚወስድ ሰው ነው የጠፋው። ስለዚ ደብተሩ ላይ የየቀኑን ስኳር፣ ትኩሳት፣ የትኛው ዶክተር መጥቶ ምን እንዳለ፣ ምን ምርመራ እንደታዘዘና ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ ጻፊ። ቁስሉን ድሬሲንግ ሲቀየር በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ አስፈቅደሽ። አዲስ ዶክተር ሲመጣ ደብተሩንና ፎቶውን ስጪው፣ እኔ እንደዛ ማድረግ ከጀመርኩ በኋላ ነው ሁሉም ስለ አንድ ሰው ማውራት የጀመሩት።

ሁለተኛ፣ ደህነኛውን እግር አትርሱት!! ሁላችንም የታመመውን ስናይ እናቴ 3 ሳምንት በጀርባዋ ተኝታ የግራ ተረከዟ ፍራሹ ላይ ተፈግፍጎ ቆሰለ። እሱንም አላመማትም። በአንዱ ገብተን በሁለት ልንወጣ ነበር። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ጥጃው ስር የተጠቀለለ ጋቢ አድርጊለት ተረከዙ ፍራሽ እንዳይነካ፣ ጠዋትና ማታ በስልክ መብራት እዪው።

ለአክስትሽ ደሞ እንዲህ በያት፣ የኔም አክስት ያንኑ ትል ነበር። በየወሩ ሚቆረጡ ሰዎች አሉ እውነት ነው፣ አይተናል። ግን የናቴ ዶክተር እንዳስረዳኝ ቢላው አይደለም ያመጣው፣ ደም ስሩ ሳይታይ ከተቆረጠ ቁስሉ አይድንም፣ ውስጥ የታመመ አጥንት ከቀረ ይመለሳል፣ ስኳሩ ካልተያዘና ሰውየው በዛው ነጠላ ጫማ ከተመለሰ ሌላ ቦታ ይቆስላል። እናቴ 2 ጣቷን ነው ያጣችው፣ ይኸው 5 አመት ሆናት በእግሯ ነው ምትሄደው። ለአባትሽም ይሄን ንገሪልኝ፣ ጣቱን ሚሰጠው እግሩን ለማትረፍ ነው።

የገንደ ቆሬ ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ትላንት ጠዋት እንዳላችሁኝ ጠየቅኩ፣ መጀመሪያ ተቆጡኝ ከዛ ሄድ ነርሷ ስትደውል የሰርጂካል ሲኒየር መጣ፣ የሜዲካሏ ዶክተርም እዛው ነበረች፣ አልጋው አጠገብ ተነጋገሩ። በቀጭን ብረት ቁስሉን ሲነኩት አጥንት አገኘ፣ እግር ጀርባው ላይ የደም ምት አለ አሉ፣ አልሀምዱሊላህ። ማታ 3 ሰአት ላይ ኦፕራሲዮን ገባ። ትንሿ ጣት ከስሯ ካለው አጥንት ጋር ወጣች፣ ከመዳፉ ስር ብዙ መግል ወጣ፣ ከውስጥ የተወሰደ ስጋና አጥንት ለካልቸር ተላከ። አሁን ሰርጂካል ነው ያለው፣ ኃላፊው እሱ ሲኒየር ነው ሜዲካሎቹ በየቀኑ ስኳሩን ያያሉ ተባልኩ። ዛሬ ጠዋት ትኩሳቱ 37.4 ስኳሩ 211። አባቴ ከነቃ በኋላ ብርድ ልብሱን ገልጦ እግሩን አየና ምንም አላለም፣ ትንሽ ቆይቶ ሻይ ስጪኝ አለ። ከገባ ጀምሮ የሆነ ነገር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።

ያልገባኝ ግን ሜትፎርሚኑን ለምን አቆሙት? ኤክስሬዩ ላይ አጥንቱ ደህና ነው ተብሎ ነበር፣ አሁን አጥንት ተነክቷል ሚሉት እንዴት ነው? ደሞ አንቲባዮቲኩን እስከ መቼ ነው ሚወስደው?

የውስጥ ደዌ ሐኪም

የአባትሽ ሐኪም አይደለሁም ስለዚህ ለሳቸው ሚሆነውን እነሱው ይወስናሉ፣ ጥያቄዎችሽን ግን ልመልስልሽ።

አጥንት ኢንፌክሽን ሲገባበት በኤክስሬይ ሚታይ ለውጥ እስኪመጣ 2 ወይም 3 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ደህና ነው ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በብረት ተነክቶ አጥንት መገኘቱ ከሌላው ምርመራ ጋር ሲታይ ጠንካራ ምልክት ነው። ናሙናውንም የሞተው ስጋ ከተነሳ በኋላ ከውስጥ መውሰዳቸው ትክክል ነው፣ ከላይ በጥጥ ተጠርጎ ሚወሰደው ቆዳ ላይ ያለውን ሁሉ ሰብስቦ ያሳስታል።

ሜትፎርሚን በከባድ ኢንፌክሽን ወቅት፣ በተለይ ኩላሊት ከተዳከመ፣ ደም ውስጥ አሲድ ሊያከማች ስለሚችል ብዙ ጊዜ ይቆምና በኢንሱሊን ይተካል። ክሬአቲኒኑ (ኩላሊቱ እንዴት እንደሚሰራ ሚያሳየው የደም ምርመራ) ስንት እንደሆነ ጠይቂ፣ ደብተርሽ ላይ ጻፊው፣ አንዳንድ አንቲባዮቲኮች መጠናቸው በሱ ነው ሚወሰነው። የአንቲባዮቲኩ ርዝመት እንደቀረው ነገር ይለያያል፣ ስጋ ብቻ ከሆነ 1 ወይም 2 ሳምንት፣ የታመመው አጥንት ሳይወጣ በመድኃኒት ብቻ ሚታከም ከሆነ ወደ 6 ሳምንት ይጠጋል፣ አጥንቱ ከወጣ ከዛ ያጥራል። ስለዚህ ሰርጀኑን "ያስቀራችሁት አጥንት ጤነኛ ነው?" ብለሽ ጠይቂው፣ የቀናቱ ቁጥር ከዛ ነው ሚመጣው።

አንድ ነገር ደግሞ ልበል ምክንያቱም ያንቺ ጥያቄ እኔንም ሚያንገበግበኝ ነው። እንግሊዝ አገር ናይስ የሚባለው መመሪያ አውጪ ተቋም በአውሮፓውያኑ 2011 ባወጣው መመሪያ፣ በስኳር እግሩ ታሞ ሆስፒታል የገባ ሰው እግሩ መጀመሪያ ከታየ በ24 ሰአት ውስጥ ወደ እግር ቡድን ሊመራ ይገባል፣ ስሙ የታወቀ አንድ ሲኒየር ሐኪምም ተጠያቂ ይሁን ብሏል። ቡድን ሲባል የስኳር ሐኪም፣ ሰርጀን፣ ነርስ፣ የእግር ባለሙያ፣ ሌሎችም አሉበት። የእግር ባለሙያ ሚባለው እኛ ጋ ሊታጣ ይችላል፣ ያንን ነገ አናመጣውም። ግን አንድ ስም ካርዱ ላይ መጻፍ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰአት አንድ አልጋ አጠገብ መቆም፣ ይሄ ማሽን አይፈልግም በጀት አይፈልግም። የአባትሽ ነገር በአንድ ቀን የተለወጠው በዛ ነው፣ ያንን ስራ ግን አንቺ ልትሰሪው አይገባም ነበር።

ለሌሎቻችሁም፣ ስኳር ያለበት ሰው ያለ ቁስል አንድ እግሩ ብቻ ድንገት አብጦ ቀልቶ ከሌላው እግር ከሞቀ፣ ባያመውም፣ ወለም ብሎት ነው ብላችሁ ወጌሻ ጋ አትውሰዱት። ሻርኮ ሚባል አጥንቱ ውስጥ ውስጡን ሚሰባበርበት ችግር ሊሆን ይችላል፣ መርገጥ አቁሞ በዛው ቀን ሐኪም ይየው።

የመጋላ ነጋዴ

ስትወጡ ሚሆነውንም ከአሁኑ አስቢው። እኛ አርብ ከሰአት "ወጥታችኋል" ተባልን፣ ወረቀቱ ላይ ድሬሲንግ የት እንደሚቀየር አልተጻፈም፣ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ስንሄድ ምን ተደረገላት ብለው እኛኑ ጠየቁን። ስለዚ ከመውጣታችሁ በፊት ምን እንደተቆረጠ፣ የካልቸር ውጤቱ፣ መድኃኒቱ ሚያልቅበት ቀን፣ ድሬሲንግ በስንት ቀኑና የት፣ ሰርጂካልና የስኳር ክሊኒክ ቀጠሮ መቼ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ይጻፍልሽ።

ኢንሱሊን ይዞ ሚወጣ ከሆነ ደሞ የድሬን ሙቀት አስቢ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥም አታስገቢው ከቀዘቀዘ በኋላ አይሰራም። ፍሪጅ ከሌላችሁ ወይ መብራት ከጠፋ ትልቅ ሸክላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርገሽ፣ ኢንሱሊኑን ውሀ በማያስገባ ነገር ጠቅልለሽ ትንሽ ገንቦ ውስጥ ከተሽ መሀሉ አስቀምጪው፣ ንፋስ ሚያገኝ ጥላ ቦታ። እናቴ ክረምት ከበጋ በዛ ነው ምትኖረው። ቁስሉ እስኪድን በዛ እግሩ አይርገጥ፣ ሽንት ቤት እንኳን በክራንች፣ አንድ ቀን "ትንሽ ልራመድ" ብላ እናቴ የ2 ሳምንቱን ድካም አበላሽታዋለች።

ሲስተር ከሸንኮር

ጫማውንም ጨምሪ፣ ሲድኑ በነጠላ ጫማ እንዳይመለሱ። ሰፋ ያለ፣ ፊቱ የተሸፈነ፣ ውስጡ ስፌት የሌለው ይሁን፣ ማታ ሲገዛ ይሻላል ያኔ እግር አበጥ ስለሚል። ከመልበሳቸው በፊት ሁሌ እጃቸውን ከተው ይዳስሱት፣ ሚስማርም ጠጠርም ካለ ከእግራቸው በፊት እጃቸው ያገኘዋል። ሙቅ ውሀ ሲሆን ደሞ በእግራቸው አይሞክሩት በክርናቸው ወይ አንቺ ሞክሪላቸው።

የገንደ ቆሬ ልጅ

አክስቴ ዛሬ መጣች፣ ሴትዮዋን አላነሳችም፣ ሾርባ ነው ይዛ የመጣችው። ደብተሩ 9 ገጽ ደርሷል፣ የሌሊቱ ተረኛ ዶክተር ቁጭ ብሎ ሁሉንም አነበበውና "ይሄን ማን ጻፈው" አለኝ። የካልቸሩ ውጤት ሀሙስ ነው ተብሏል፣ ሀሙስ 3 ሰአት ላይ ላብራቶሪ በር ላይ ነኝ። አሁን አባቴ ተኝቷል፣ የግራ ተረከዙን በስልክ መብራት አየሁት፣ ንጹህ ነው።